ውሃው የሸሸበት በጋ

ሰኞ

ሐይቁ አሁንም እየወረደ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹን የምናስርበት የእንጨት መድረክ እግሩን ጭቃ ላይ ተክሎ ቆሞ አገኘሁት። ውሃው ጥሎት ሄዷል። ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ ደግሞ የድሮው መንደር ግድግዳዎች ጫፍ ጫፋቸው ብቅ ብሏል። እዚህ የጎብኚዎች ማዕከል ከተቀጠርኩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ድንጋይም አላየሁም ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ ከእኔ በፊት ነበሩ።

ጋሽ ድንጋይ የታሪኩን ክፍል የሚያስጎበኙት ባልደረባዬ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ለጉብኝት የሚመጡት ልጆች ናቸው፤ እሳቸው ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ አንስተው «ይሄ ድንጋይ ምን ምን አይቷል?» ስለሚሉ። እኔ የተፈጥሮው ነኝ፦ ወፍ፣ ቅጠል፣ የእንስሳ ዱካ። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በአውቶቡስ ያመጡልናል፤ እስከ ምሳ ከእኔ ጋር፣ ከምሳ በኋላ ከእሳቸው ጋር ይውሉና አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው።

ዛሬ ግን ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። የጋሽ ድንጋይ ጉልበት ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው።

«በዚህ በጋ የታሪኩንም አንቺ ትይዢዋለሽ» አለኝ። «ጽሑፉ አለ፤ እሱን መድገም ብቻ ነው።»

ጽሑፉንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግድቡ ሲሠራ የመንደሩ ሰው በሙሉ ውሃው ሳይደርስ በጭነት መኪና ወደ አዲሱ ቤቱ ተዛወረ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ይኸው ነው።

እናቴ የዚያ መንደር ልጅ ናት። ለኃላፊው አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? እሷ ራሷ ስለ መንደሩ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር፣ ከጎብኚዎች አዳራሹ ጀርባ ባለው የሠራተኛ ቤት ነው የምትኖረው። ወንድሜ ከተማ ልውሰዳት ሲል ቆይቶ ነበር፤ «ከውሃው አጠገብ ልሁን» ብላ ያስቸገረች እሷ ናት። ደህና ናት። ትንሽ ትረሳለች፤ በእሷ ዕድሜ የማይረሳ ማን አለ?

ረቡዕ

የበጋው የመጀመሪያ ቡድን። ትንንሾች ናቸው፤ ጫጫታቸው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ነው የደረሰው።

ከሁሉም የምወደው «ዝም ብሎ መስማት» የምንለውን ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዛፍ ይመርጥና ጀርባውን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ፊሽካ ስነፋ ተሰብስበው የሰሙትን ይናገራሉ። አንዱ ነፋስ አለ። አንዷ ንብ አለች። አንዱ ቦርጫም «የሆዴን ጩኸት» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«ሴትዮ ሰማሁ። አኩኩሉ ትላለች።»

ልጆቹ ሳቁባት። እኔም እየሳቅኩ «ታዲያ አልነጋም ብለሽ መለስሽላት?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም የመለስኩት» አለች።

ርግብ እንደምትሆን ነገርኳት። ርግብም እንዲያ ነው የምትለው፤ ኩኩ፣ ኩኩ። ጥሩ ማስተማሪያ ሆነኝና ስለ ርግብ ብዙ አወራሁ። ልጅቷ አልተከራከረችኝም። ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ቦርሳዋን ለማንሳት ብቻዋን አልሄድ አለች፤ ጓደኛዋ አብራት ሄደች።

ከሰዓት የታሪኩን ጽሑፍ አልኩላቸው። አንዱ «ውሾቻቸውንስ ወስደዋል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ጊዜ የለኝም። ሁለት አውቶቡስ በአንድ ቀን። ድምፄ ተዘግቷል።

የእማዬ ጫማ ላይ ጭቃ አየሁ። አትክልት ስታጠጣ ይሆናል።

ጓሮው ከደረቀ ሰንብቷል። ቢሆንም።

ማክሰኞ

ዛሬ የመጡት ልጆች አስተማሪ ከመሄዷ በፊት እጄን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ። «ከሁሉም የወደዱት አሮጊቷን ተራኪያችሁን ነው» አለችኝ። «እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ከዛፎቹ መሀል ብቅ ብለው የማን ልጅ ነሽ፣ የማን ልጅ ነህ እያሉ ሲጠይቋቸው፣ ልጆቹ የእውነት የመንደሩ ሰው መሰሏቸው እኮ።»

አመሰግናለሁ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ከሰፈሩ የመጣች አንዷ ትሆናለች። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አልፎ አልፎ ይመጣሉ።

ቤት ስገባ እማዬ አልጋዋ ላይ ነበረች። ተኝታ ነው የዋለችው። ጉንጮቿ ፀሐይ የመታቸው መስለው ቀልተዋል፤ የመስኮቱ ብርሃን በቀጥታ ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው፤ መጋረጃ መስፋት አለብኝ።

ሐሙስ ማታ

ወንድሜ ደወለ።

«እማዬን ላምጣትና እዚህ ትሁን፤ ሐኪምም ቅርብ ነው» አለኝ።

«ደህና ናት አልኩህ እኮ።»

«እህት ዓለም፣ ባለፈው ስደውል አጎቷ መስያት መኪናውን አስቁመው፣ አስቁመው እያለች ስታለቅስብኝ ነበር።»

«ከእንቅልፏ ቀስቅሰሃት ነዋ!»

ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነው የምናደደው። እሱ ከተማ ተቀምጦ በስልክ ልጅ መሆን ይቀለዋል። ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የማበላት እኔ። እኔ የማላውቀውን እሱ ከየት ያውቀዋል?

ከዘጋሁት በኋላ እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። «ማን ነበር?» አለችኝ። ወንድሜ መሆኑን ነገርኳት። «እሷስ?» አለች። ማን እንደሆነች ብጠይቃት ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ግድግዳዎቹ አሁን እስከ ወገባቸው ወጥተዋል። በሮች ይታያሉ። ከዳር ሆኖ መንገዱን በዓይን መከተል ይቻላል፤ ወደ ግራ ይታጠፍና የሆነ ሰፊ ግቢ አጠገብ ይቆማል።

ልጆቹን ዳር ላይ አስቀምጬ ቤቶቹ ሰው ሲኖርባቸው ምን ይመስሉ እንደነበር ሳሉ አልኳቸው። መቼም ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዷ ጣሪያው ላይ ድመት ሳሉ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን የቤቱን ውስጥ ነው የሳለው። ጥግ ላይ ክብ አድርጎ አጥቁሮታል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የእህል ጉድጓድ። በድንጋይ ይከደናል።»

«ማን ነገረህ?»

«አያትየዋ። ትንሿ ልጅ እዚያ ውስጥ ናት። ድብብቆሽ እየተጫወቱ ነው።»

«ነበር በል፤ እየተጫወቱ ነበር።»

ልጁ ከእርሳሱ ቀና አላለም። «አይ» አለኝ፤ «አላለቀም።»

ሥዕሉን ለእኔ ተውልኝ አልኩት። ከዚያ መልሼ ሰጠሁት። ቤቴ እንዲገባ አልፈለግኩም።

ረቡዕ

ኃላፊው እንደገና ጠራኝ። ወላጆች ደውለዋል። አንዲት ልጅ ገላዬን አልታጠብም ብላለች፤ ውሃ ውስጥ ሰው አለ እያለች። «ምን እየነገርሻቸው ነው?» አለኝ። ጽሑፉን ነው አልኩት። «እንግዲያስ ከጽሑፉ አትውጪ።»

በዚያው አፉ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልጆቹን ሐይቁ ወለል ላይ አውርጄ እስከ መጀመሪያዎቹ ግድግዳዎች እንዳደርሳቸው አዘዘኝ። ትምህርት ቤቶቹ እየጠየቁ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል አይደገምም። ጭቃውስ? ደርቋል፤ መሐንዲስ አይቶታል።

ጥበቃው ውጭ ሆኖ ሰምቶን ነበር። ሲሸኘኝ «እሱ የደረቀው ላዩ ነው» አለኝ። «ላዩ ቆዳ፣ ሥሩ ሊጥ። ባለፈው ውሻዬ እስከ ሆዷ ገብታ ነው በሳንቃ ያወጣኋት።» ከዚያ እንደማፈር ብሎ «እናትሽ ግን ቀላል ናቸው፤ እሳቸውን ችሏቸዋል» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ልጆቹ ምሳቸውን ጨርሰው እየጠበቁኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ

ስለ እህል ጉድጓዱ እማዬን ጠየቅኳት። ባልጠይቃት ይሻል ነበር። ጸጉሯን እያበጠርኩላት ነው የጠየቅኳት፤ ፊቷን እንዳላይ።

«ድንጋዩ ከባድ ነው። ከውስጥ አይከፈትም» አለችኝ። በልጅ ድምፅ ነው ያለችኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

ትኩሳት አላት መሰለኝ። ግንባሯን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ስወጣ በሩን ዘጋሁት። ቆለፍኩት ማለት ነው። ነፋሱ እየበረገደው ስላስቸገረ ነው። ምግቧን፣ ውሃዋን አስቀምጬላታለሁ፤ ወንበሯንም መስኮቱ ስር አድርጌላታለሁ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

ለራሷ ደህንነት ነው። ማንም ሰው እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ቁልፉ ጭኔን ሲነካኝ ዋለ።

ማክሰኞ

ይህን ሳልረሳ እንደሆነው ልጻፍ።

ዛሬ ሐይቁ ወለል ላይ ወረድን። ከዳር ትንሽ ብቻ፣ ጥበቃው በሳንቃ መንገድ ባበጀበት ቦታ። ልጆቹን ሁልጊዜ እንደማደርገው ሁለት ሁለት አድርጌ እጅ ለእጅ አያያዝኳቸው። ቀይ ሹራብ የለበሰች አንዲት ልጅ ከሰልፉ መጨረሻ ጓደኛ አጥታ ቀረች።

«ነይ፣ የእኔን እጅ ያዢ» ስላት «አለችኝ» አለች። አስተማሪዋ ከኋላ ስለነበረች እሷን መስላኝ ቀጠልኩ። ስንሄድ አንዴ ዞር ብዬ አይቻታለሁ፤ አንድ እጇን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ወደ ጎን ዘርግታለች። ከእሷ ያነሰ ልጅ እንደያዘ ሰው።

ዳር ስንወጣ ለአስተማሪዋ ልጅቷን ስለያዘችልኝ ሳመሰግናት ግራ ገባት። እሷ የነበረችው ከሰልፉ መሀል፣ ከሚያነክሰው ልጅ ጋር ነው።

የልጅቷን እጅ ተቀብዬ አየሁት። እርጥብ ነው። ይቀዘቅዛል። የመዳፏ መስመሮች ውስጥ ያ ግራጫ ደለል ገብቷል። የውሃ መያዣዋ ፈስሶባት ይሆናል። ፀሐዩ ግን አናት ይበሳ ነበር፤ የሌሎቹ ልጆች እጅ በሙሉ ትኩስና ደረቅ ነው።

ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። እማዬ ወንበሯ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በመስኮት ወደ ሐይቁ ታያለች። ምግቧ አልተነካም። ጫማዋ አልጋዋ ሥር ነው፤ አነሳሁት፤ ደረቅ ነው።

ሳትዞር «የማንን እጅ ይዛ መጣች?» አለችኝ።

ረቡዕ

አልተኛሁም። ብዙ ቡድን አለ። ልጅ እጁን ሲዘረጋልኝ አላይም፤ ወፍ ነው የማየው።

ቅዳሜ

ሁሉም ነገር ሐሙስ ዕለት ሆነ። እስከዛሬ መጻፍ አልቻልኩም።

ማክሰኞ የነበሩት ልጆች ናቸው ተመልሰው የመጡት። ኃላፊው ዛሬ እስከ ግድግዳዎቹ ድረስ ይሂዱ ብሏል። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን ሳስብ ራሴን መምታት ያምረኛል። ልጆቹን ሳንቃው መጨረሻ ላይ አስቁሜ፣ ከዚህ ወዲያ በዓይናችን ብቻ እንሄዳለን እያልኳቸው ሳለ አንዱ ጣቱን ቀሰረ።

እናቴ ከግድግዳዎቹ መሀል እየሄደች ነበር። የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ። መንገዱን ስትከተል አንድም ጊዜ አላመነታችም፤ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ሰፊው ግቢ ገባች። ጭቃው አልያዛትም። የረገጠችው ሲሰነጠቅ ድምፁ እኔ ከቆምኩበት ድረስ ይሰማኛል፤ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ እንጂ አልዋጣትም።

በሩን የከፈተችላት ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከውስጥ ሲንኳኳ ሰምታ በተለዋጩ ቁልፍ ከፈተች። «ልጄ ረስታ ቆልፋብኝ ሄደች አሉኝ» አለችኝ በኋላ፤ ዓይኔን ሳታይ።

እማዬ ግቢው መሀል ቆማ ሁለት እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ድምፅ አወጣች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ ነው፤ ውሃ በሌለበት ሐይቅ ላይ ጥርት ብሎ መጣ።

«አኩኩሉ!»

ከኋላዬ የቆሙት ልጆች ሁሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በአንድ አፍ መለሱ።

«አልነጋም!»

ልጆች ናቸው፤ አፋቸው ለምዶት ነው። ግን ከእነሱ ቀድሞ፣ ከፊት ለፊት፣ ከግድግዳው በኩል የመለሰ ነበር። ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው። የገደል ማሚቶ ይሆናል። ማሚቶ ከድምፁ በኋላ እንጂ ከድምፁ በፊት እንደማይመጣ ለልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ።

ባለ ቀይ ሹራቧ ከሰልፉ ወጥታ ጭቃው ላይ ሁለት እርምጃ ሄደች። በሦስተኛው እስከ ጉልበቷ ገባች። በሆዴ ሳንቃው ላይ ተኝቼ ክንዷን ያዝኩ። በዚያው ቅጽበት እናቴን አየኋት፤ ጥግ ላይ ተንበርክካ መሬቱን በጥፍሯ እየቧጠጠች፣ ወገቧ ድረስ እየሰጠመች ነው። ልጅቷን ብለቅ ለእናቴ አልደርስም፤ ባልለቃትም አልደርስም። አልለቀቅኳትም። «እማዬ!» ብዬ እየጮህኩ የሌላ ሰው ልጅ ክንድ ይዤ ቀረሁ።

ልጅቷን ከአስተማሪዋ ጋር ስበን አወጣናት። ለእናቴ ጥበቃው ነው የደረሰላት። ሁለት ሳንቃ እየቀያየረ፣ እየተሳበ ሄዶ ብብቷን ያዛት። እሷ ግን ትታገለዋለች። «ክዳኑን! ክዳኑን አንሱላት!» ትላለች። ስትወጣ ጥፍሮቿ ተገንጥለው ነበር። በቧጠጠችበት ቦታ፣ ደለሉ ሥር፣ ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫፉ ይታያል።

እሑድ

እማዬ ዛሬ ነገረችኝ። አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው፣ ሾርባ እያጠጣኋት ነው የነገረችኝ። አእምሮዋ እንደዛሬ የጠራበትን ቀን አላስታውስም።

ታናሽ እህት ነበረቻት። የጭነት መኪኖቹ በመጡ ቀን ትልልቆቹ ዕቃ ሲጭኑ እነሱ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ጉድጓዱ ባዶውን ነው፤ እህሉ ተጭኗል። ትንሿ ገባችና «ክደኚልኝ፣ ማንም እንዳያገኘኝ፤ ለማንም አትንገሪ» አለች። እማዬና ሌላ ልጅ ተጋግዘው ድንጋዩን ገፉት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና መቁጠር እንደጀመረች አጎቷ ከኋላ አንስቶ መኪናው ላይ ወረወራት።

«እህቴስ? ስለው በሌላው መኪና ናት አለኝ። በሌላው መኪና ያሉት ደግሞ ከእኛ ጋር ያለች መስሏቸዋል።»

«ጉድጓዱን ለምን አልነገርሻቸውም፣ እማዬ?»

«አትንገሪ ብላኝ ነበራ» አለች። «ደግሞ ፈራሁ። ሰዎች ተመልሰው ፈለጉ፤ ስሟን ሲጣሩ ውለው ተመለሱ። ስትጠራ ካልወጣች ጨዋታው ላይ ናት ማለት ነው ብዬ… ልጅ ነበርኩ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ደግሜ ማሞቅ እንኳ አላሰብኩም።

ጽሑፉ ላይ «አንድም ሰው አልተጎዳም» የሚለውን ስንት ጊዜ ብያለሁ።

ማክሰኞ

ባለሥልጣኖች መጡ። ድንጋዩን አነሱት። ከታች ደለሉ ጠንክሯል፤ በማንኪያና በብሩሽ ነው የሠሩት። ያገኙትን አልጽፍም። ትንሽ ነበር። በጣም ትንሽ።

ለእማዬ እኔ ነገርኳት። ጣሪያውን እያየች «እኔ እኮ ያደገች መስሎኝ ነበር» አለች።

ዓርብ

ቀበርናት። ከዳገቱ ላይ፣ ውሃው በማይደርስበት። የመንደሩ ሰዎች መዝገብ ቢታይ ልጆቹ «ልጅ» ተብለው ነው የተጻፉት፤ ስለዚህ መቃብሩ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። እማዬን የእህቷን ስም ስጠይቃት በፋሻ በተጠቀለለ እጇ አፏን ሸፈነች። አላስጨነቅኳትም።

ወንድሜ መጥቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ጎን ለጎን ቆመን ውሃውን ስናይ «ቆልፈሽባት ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ትከሻዬን አቅፎ ዝም አለ። ያ ዝምታው አላናደደኝም፤ ተሸክሞ ነው ከዳገቱ ያወረደኝ ማለት ይቻላል።

ጋሽ ድንጋይ በምርኩዝ መጥተው ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠይቅ ኖርኩ» አሉኝ፤ «የሚያውቅ ሰው ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጦ።» ከዚያ ከኃላፊው ጋር ተያይዘው ቢሮ ገቡ። ጩኸታቸው ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ኃላፊው «ለልጆች ጆሮ አይሆንም» ይላል። ጋሽ ድንጋይ «ከልጆች ሌላ የማን ታሪክ ነው ታዲያ?» ይላሉ። ሲወጡ ጽሑፉን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተውት ነበር።

የበጋው መጨረሻ፣ ሐሙስ

ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል። የመጨረሻው ቡድን ነው።

እማዬ ራሷ ነይ ሳልላት መጣች። ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አብጥራ። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው እሷ በእኔ ወንበር ላይ ሆና ሁሉንም ነገረቻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ አንዴ እንኳ አላቋረጥኳትም። ልጆቹ አልፈሩም። ይልቅ ጥያቄ በጥያቄ አደረጉባት። ሌላውስ ልጅ የት ደረሰ? መኪናው ምን ዓይነት ነበር? አንዱ «ጎበዝ ተደባቂ ነበረች?» አላት። እናቴ ሳቀች! «ውይ! እሷን የሚያክል የለም» አለች፤ «ተስፋ ቆርጠን እራት ስንበላ ነው የምትወጣው።»

ከፊት የተቀመጠች ጠይም ልጅ፣ ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ «ስሟ ማን ነበር?» አለች።

እናቴ በጣቷ ጠቀሰቻት። ልጅቷ ሄደች። እናቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። ልጅቷ ራሷን በአክብሮት ነቀነቀችና ቦታዋ ተመለሰች።

አውቶቡሱ ሲነሳ ዝናቡ ጀመረ።

ሰኞ

ዝናቡ አላባራም። ሐይቁ ግቢዎቹን መልሶ ወስዷል፤ ከሰፊው ግቢ አንድ የግድግዳ ጥግ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከሰዓት ሳየው እሱም የለም።

ድንጋይ ጠራቢው ለመቃብሩ ምን ልጻፍ አለኝ። እማዬን ጠየቅኳት።

«የእህትሽ ስም፣ እማዬ።»

«የማን?» አለችኝ።

ለሰስ አድርጌ ደገምኩላት። ጉድጓዱን፣ መኪናውን፣ ጨዋታውን ነገርኳት። ስለማታውቀው ሰው ታሪክ እንደምትሰማ እንግዳ በትሕትና አዳመጠችኝ። «ታሳዝናለች» አለች በመጨረሻ። «ወላጆቿ አሉ?»

ሐሙስ

ሌላ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ አያውቅም፤ አጎቷ ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ ድንጋዩን አብሯት የገፋው ልጅም የት እንደደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ ዛሬ የመጨረሻው ቡድን ወደመጣበት ትምህርት ቤት ደወልኩ። የፊት ጥርሷ የወለቀውን ልጅ መልክ ስነግራት አስተማሪዋ ወዲያው አወቀቻት፤ ከክፍል አስጠርታ ስልኩን ሰጠቻት። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«የኔ ቆንጆ፣ አያትየዋ በጆሮሽ የነገረችሽን ስም ታስታውሺያለሽ?»

«አዎ።»

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

«አይ። ለማንም አትንገሪ ተብያለሁ።»

«እኔ እኮ የአያትየዋ ልጅ ነኝ። እሷ አትቆጣም፤ ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

ልጅቷ ስትናገር ድምፅዋ ቅርብ ነበር፤ አፏን ስልኩ ላይ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት።

«አያትየዋ አይደለችም አትንገሪ ያለችኝ።»

አስተማሪዋ ስልኩን ተቀብላ ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።